ሙዘይን ቅመም የጠቀለለበት መዝገብ

የሐይቅ ከተማ ሰው ሙዘይንን የሚያውቀው በጣቱ ነበር። ወረቀት ያነሳና በአውራ ጣቱ ላይ አንዴ ያዞረዋል፤ ጫፉን ቆልመም፣ አፉን አጠፍ ሲያደርገው ቀንድ የመሰለ ጥቅልል ይወጣል። ያ ጥቅልል ከበቅሎ ጀርባ ቢወድቅ አንዲት ፍሬ ጥቁር አዝሙድ አያፈስም። በግራና በቀኙ ሌሎች ሁለት ቅመም ሻጮች ነበሩ። እነሱ የጠቀለሉት በርበሬ ግን ቤት እስኪደርስ ግማሹ ነጠላ ላይ ያልቃል። ሙዘይን ይህን ያውቃል፤ ማወቁም ፊቱ ላይ ይነበባል። ሰው በእጅ ሥራው ቢኮራ ነውር የለውም። የሙዘይን ነውር ከእጁ አልመጣም፣ ከወረቀቱ ነው የመጣው።

የተወለደው አምባሰል ተራራ ሥር ነው። ልጅ ሳለ ቁርዓን ቤት ገብቶ ሰባት ዓመት ሲቀራ፣ ሲማር ኖሯል። ሸሁ ዘንድ ያልተያዘ አልተነበበም፤ ተማሪው እየተወዛወዘ ጮክ ብሎ ይላል፣ ይደግማል፣ በቃሉ እስኪይዘው የተጻፈበትን ጣውላ፣ ሉሑን፣ አያጥብም። ሙዘይንም በዚህ መንገድ ብዙ ያዘ። የአማርኛን ፊደል ግን አንድም አያውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ሐይቅ ወርዶ፣ ኑርሀያትን አግብቶ፣ ከአውቶቡሱ መንገድ ዳር ትንሽ የቅመም ሱቅ ከፍቶ ሃያ ዓመት ኖረ። አማና፣ አደራውን፣ የሚያስቀምጥ ሰው እሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ የተጣላም በሱ ሽማግሌነት ይታረቃል። ስሙ ይህን ያህል ጥሩ ነበር።

በደርግ ዘመን ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም። ጋዜጣው ለውይይት ክበብ ይታደላል እንጂ ለበርበሬ ነጋዴ ማን ያስባል? ሙዘይን የተቀዳደደ ደብተርና የሲሚንቶ ከረጢት እየለቀመ ነበር የሚሠራ። ከሁሉ የሚጨንቀው የመስከረም ወር ነው። የግሸን ማርያም ተሳላሚ በየአውቶቡሱ ሲያልፍ ሐይቅ ላይ ቆም ይላል፤ ሻይ ቅጠሉን፣ ኮረሪማውን፣ ጨውን ሸማምቶ ወደ ተራራው ይሄዳል። ሙዘይን እስላም ይሁን እንጂ የግሸንን በዓል ከቄሶቹ እኩል ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ የዓመቱ ገበያ በዚያች ሳምንት ነዋ።

በ1970 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ትሁን የሚባል ሰው በአህያ ሁለት ጆንያ ወረቀት ጭኖ መጣለት። ትሁን በአንድ የመንግሥት መዝገብ ቤት ዘበኛ ነው።

«ይሄ ሁሉ ወረቀት ከየት የመጣ ነው?» አለው ሙዘይን።

«የሞተ ወረቀት ነው፣ አያ ሙዘይን። የንጉሡ ጊዜ። መሬቱን አዋጁ ወሰደው፣ ባላባቱ ሄደ፤ ወረቀቱን ማን ይፈልገዋል? ሊያቃጥሉት ነው። ከሚቃጠል አንተን ይጥቀም ብዬ አመጣሁት።»

ዛሬ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው፣ ሙዘይን እንዴት አመነ ብሎ ሊስቅ ይችላል። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለውን ቃል በየስብሰባው የሚሰማው አገር ሙሉ ነው። የድሮው ሁሉ ቆሻሻ ነው፣ የድሮው ሁሉ ሞቷል እየተባለ ነው የተጨበጨበው። ሙዘይን ጆንያውን ፈታ አድርጎ አየ። ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበት ሰማያዊ ማህተም በየወረቀቱ ግርጌ አለ። ማህተም ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ግን አንበሳው ከነዘውዱ ወርዷል ብሎ ራሱን አሳመነ፤ የመስከረምም ነገር አስጨንቆታል። ገዛ።

አንዱን ጆንያ ሲለይ ታዲያ አንድ ነገር አደረገ። በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የኒካህ፣ የጋብቻ ውል ወረቀቶች በመሀሉ ነበሩ። የአላህ ስም ይኖርባቸዋል ብሎ በጥንቃቄ ለቅሞ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጠ። የአማርኛውን ግን አራት አራት ቦታ ቀድዶ ደረደረው። በዚያ መስከረም የስንት ሰው ክርክር፣ የስንት ሰው ውልና ኑዛዜ ጨውና ኮረሪማ ታቅፎ ግሸን እንደወጣ፣ ከዚያም በተሳላሚው እጅ በየአገሩ እንደተበተነ አንድ አላህ ያውቃል።

ከሱቁ ትይዩ ወይዘሮ አገሬ ይኖራሉ። ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከጓሮው አንድ የጌሾ ዛፍ አላቸው። ባላቸው አሻግሬ በሞተ በስድስተኛው ወር የባላቸው ወንድም ሀብተ ጊዮርጊስ ከውጫሌ መጣና ቤቱ የወንድሜ ነው፣ ልቀቂ አላቸው። ይህ ሰው አዲስ ነገር አላመጣም። በ1962 ዓ.ም. አሻግሬ በሕይወት ሳለ፣ በአገሬ ስም የተያዘውን ይህንኑ ቤት የአባታችን ውርስ ነው ብሎ ከሷቸው፣ ተከራክሮ፣ ተረትቶ ነበር። ቤቱን አገሬ ከአባታቸው ባገኙት በሬ ሽያጭ እንደሠሩት ያን ጊዜ ተመስክሮ ተፈርዶላቸዋል። የፍርዱን ግልባጭ ግን ከሣጥን ውስጥ ምስጥ በላው። ሀብተ ጊዮርጊስም ይህን ሳይሰማ አልቀረም። ክርክሩ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሲጀመር «እኔ ተረትቼ አላውቅም፤ ተረትተሃል የሚል ወረቀት ካላት ታምጣ» አለ። ሸንጎውም አገሬን ከመዝገብ ቤት አስፈልገሽ አምጪ አላቸው።

አገሬ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መዝገብ ቤት ይመላለሳሉ። በየወሩም «መዝገቡ ከቦታው የለም» ይባላሉ። ሲመለሱ ሙዘይን ሱቅ ደፍ ላይ አረፍ ይላሉ።

«ዛሬም የለም አሉኝ፣ ሙዘይንዬ።»

«አብሽሪ፣ እትዬ አገሬ። የመንግሥት ወረቀት የት ይሄዳል? ተፈልጎ ይገኛል» ይላቸዋል ሙዘይን። ይህን ሲል ከልቡ ነው። ከልቡ እያዘነ፣ የጠየቁትን እርድ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣቸዋል።

ዓመት አለፈ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣና ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ጢማም ሽማግሌው ሁሉ በቀበሌው አዳራሽ እንደ ሕፃን ሀ ሁ ማለት ጀመረ። የሙዘይንን ክፍል የሚያስተምሩት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሐይቁ ዳር ቅኔ ሲዘርፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀበሌው ፊደል የሚያውቅ ሁሉ ያስተምር ብሎ አስገባቸው። ሙዘይን ፊደሉን ቶሎ ለየ። የሚያስቸግረው አነባበቡ ነበር። አንድ መስመር ሲሰጡት ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ፣ ጮክ ብሎ አሥር ጊዜ ይለዋል።

«አቶ ሙዘይን፣ በዓይንዎ ያንብቡ እንጂ በቃልዎ አይያዙ» ይሉታል መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ እኛ ዘንድ ያልተያዘ አልተነበበም» ይላል እሱ። አዳራሹ ይስቃል። ኑርሀያት ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ እሷ ከሱ ቀድማ በዓይኗ ማንበብ ችላ ነበርና ይህን አልረሳችለትም።

በ1972 ዓ.ም. ጥር ላይ መሪጌታ ተማሪዎቹን፣ ከእንግዲህ ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ፣ የዕቃ ስም ይሁን የግድግዳ ጽሑፍ አትለፉ አሏቸው። ሙዘይን ደስ አለው፤ የሚነበብ ነገር እሱ ቤት ሞልቷል። ጓዳ ገባና ገና ካልተፈታው ጆንያ ሳይቀደድ የቀረ፣ በታይፕ የተጻፈ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ አንድ ወረቀት መርጦ አወጣ። ከዚያ እንደ ልማዱ እየተወዛወዘ ተያያዘው። የመጀመሪያው ቀን ቁጥሩንና ዓመተ ምሕረቱን ያዘ። በሁለተኛው ቀን «ከሳሽ» የሚለውን ቃልና ከሥሩ ያለውን የሰው ስም ያዘ። አገሬ ከሳሻቸውን የባሌ ወንድም እያሉ ነበር የሚጠሩትና ስሙ ምንም አልመሰለውም። በሦስተኛው ቀን «ተከሳሽ» ላይ ደረሰ። ወ፣ ይ፣ ዘ፣ ሮ። አ፣ ገ፣ ሬ።

ደጋግሞ አለው። አስሩንም ጊዜ አገሬ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በአንድ ከሰዓት ተወጣው፤ ፍርሃት እንዲህ ያነብባል ለካ። ቤቱ ከአባቷ ባገኘችው በሬ ሽያጭ የተሠራ መሆኑ፣ ሦስት ሰዎች መመስከራቸው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ በቤቱ ላይ መብት የሌለው መሆኑ፣ ሁሉም አለ። ከግርጌው ያው አንበሳ ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ብድግ ብሎ መንገዱን ቢሻገር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሙዘይን ግን ቁጭ አለ። መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ የአገሬ ሐሳብ አልነበረም፤ የራሱ አንገት ነው የታሰበው። ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ጆንያውን ያያሉ። የቀረውን የት አደረስከው ይሉኛል፤ ምን እላለሁ? በርበሬ ጠቀለልኩበት? በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ገብቶ ይቀር ነበር። ስኳር ደብቀሃል ተብሎ የታሰረ ነጋዴ አይቷል፤ ጸረ አብዮት የምትለዋ ስም ደግሞ ማን ላይ እንደምትለጠፍ አይታወቅም።

ሦስት ቀን ወረቀቱን ፍራሽ ሥር አኑሮ ተኛበት። በአራተኛው ቀን፣ ኑርሀያት ገበያ ሄዳለች ብሎ፣ ከሰል ማንደጃው ላይ አደረገው። ኑርሀያት የረሳችውን ቅርጫት ልትወስድ ስትመለስ የወረቀቱ ጫፍ ገና እየተጨማደደ ነበር።

«ምን እያቃጠልክ ነው?»

«ቆሻሻ ነው።»

ኑርሀያት ወደ ማንደጃው አየች፤ ቀጥላም እሱን አየችው። «ሙዘይን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጮክ ብለህ ስታነብ እኮ እኔ ጓዳ ነበርኩ» አለችው። ቅርጫቷን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሳችበትም። ይህ ዝምታዋ ከስድብ የባሰ ሆነበት፤ ባልና ሚስት በአንድ ትሪ እየበሉ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው።

አገሬ ግን እንደ ወትሮው መጡ። የካቲት ላይ ነው። ሸንጎው ያልቀረበ ማስረጃ አልጠብቅም ብሎ ለሀብተ ጊዮርጊስ ፈርዶ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቤቱን ልቀቂ ብሏቸዋል። ደፉ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሙዘይን ባንኮኒው ኋላ ቆሞ አያቸው። አፉ የለመደውን ቃል አወጣ። «አብሽሪ፣ እትዬ አገሬ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ምድር ግን ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አትከፈትም፤ ሰውየው ኀፍረቱን እንደያዘ ቆሞ ቅመሙን ይመዝናል።

ሌባ ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀናው አያርፍም። ትሁን መጋቢት ላይ ሌላ ጆንያ ጭኖ ሲወጣ ተያዘ። የሸጠለትን ሰው ሁሉ ዘረዘረ። ሁለት ፖሊሶች ሙዘይን ሱቅ መጡ፤ ጓዳ ገብተው የቀረውን ጆንያ ተኩል ወረቀት አወጡ። በጨርቅ የተጠቀለለውን የኒካህ ወረቀትም ከነጨርቁ ወሰዱት። ገዝቼው ነው ቢል፣ አንደኛው ፖሊስ «የተሰረቀ ዕቃ የገዛኸው ቢሆንም ለባለቤቱ ነው የሚመለሰው። ያንተን ከትሁን ጠይቅ» አለው። መንገድ ሙሉ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ለሃያ ዓመት አማና ሲያስቀምጥበት የኖረ ሰው ሁሉ ሙዘይን በፖሊስ መሀል ሲሄድ አየ። አንዳንዱ «በድለውታል» አለ፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። ሙዘይን የሚያመው «በድለውታል» የሚለው ነበር።

ሳምንት ታስሮ በዋስ ወጣ። ዋሱ የኑርሀያት ወንድም ኑርሁሴን ነው፤ ፍርድ ቤት አዘውታሪ፣ ነገር አዋቂ ሰው ነው።

«ስማ» አለው ኑርሁሴን፣ «ክሱ የተሰረቀ የመንግሥት ሰነድ ተቀብለሃል ነው። ሕጉ የሚይዘው እያወቀ የገዛን ነው። አንተ ስትገዛ ፊደል አታውቅም፤ ይሄን አገር ይመሰክርልሃል። አላውቅም በል፣ ነፃ ትወጣለህ። ደግሞ እውነትህን ነው፣ ሀራም የለበትም።»

«እውነቴን ነው» አለ ሙዘይን።

«በቃ፤ ሌላ ነገር አትቀባጥር።»

ኑርሀያት ይህን ስትሰማ ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆውን ባሏ ፊት ስታስቀምጥ ሻይው ፈሰሰ። አልጠረገችውም።

ሚያዝያ ላይ ችሎቱ ተሰየመ። ገበያተኛው፣ የመሠረተ ትምህርት ጓደኞቹ፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ሳይቀሩ መጥተው አዳራሹ ሞላ። ትሁን ከጠባቂ ፖሊስ ጋር ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ። መሪጌታ ቀርበው፣ ይህ ሰው ወረቀቱን በገዛበት ዘመን ፊደል እንዳልለየ፣ ማንበብ የቻለው እሳቸው ዘንድ ዘንድሮ መሆኑን መሰከሩ። ሁሉም ኑርሁሴን እንዳለው እየሄደ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው የመከላከያ ምስክር ተጠሩ፤ ወይዘሮ አገሬ ናቸው። ማን እንደጠራቸው ሙዘይን አያውቅም፤ ኑርሁሴን ነበር የሄደባቸው። አገሬ በነጭ ነጠላ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ቀረቡ።

«ይሄ ሰው የሰው ነገር አይነካም» አሉ። «እንኳን የመንግሥት ወረቀት ይቅርና ሲመዝን የተበተነችውን ፍሬ ለቅሞ ለባለቤቷ የሚጨምር ነው። እኔ ለመዝገቤ ዓመት ከመንፈቅ ስንከራተት በዓይኑ አይቷል። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ቢያውቅ ለኔ ከመንገር አይመለስም ነበር። ከሱ ሌላ ያጽናናኝ ጎረቤት የለም።»

ሄደው ተቀመጡ። ሙዘይን ራሱ ላይ ያለችውን ቆብ አውልቆ በእጁ ይጠመዝዝ ጀመር። እንዲህ ያለ ምስጋና ከጅራፍ ይብሳል፤ ጅራፍ ያረፈበትን ብቻ ነው የሚያቃጥል።

ዳኛው ወደሱ ዞሩ። «ተከሳሽ፣ ወረቀቱ የመንግሥት መዝገብ መሆኑን መቼ አወቅህ?»

ኑርሁሴን ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ፖሊስ ሲነግረኝ ማለት ብቻ። ይህን ካለ ወደ ሱቁ ይመለሳል። አገሬ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ማድጋቸውን ተሸክመው ከቤታቸው ይወጣሉ። ሁለቱም ነገር በአንድ ቃል ላይ ቆሟል፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሱና ኑርሀያት ብቻ ናቸው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስገዛው ማህተሙን አይቻለሁ፤ ሞቷል ሲሉኝ አመንኩ። ጥር ላይ ነው ያወቅሁት» አለ ሙዘይን።

«ጥር ላይ ምን ሆነ?»

«ማንበብ ቻልኩ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ዝም አሰኙ።

«ከጥር እስከ መጋቢት ታዲያ ለምን አላመለከትክም?»

«ፈራሁ። አንዱን ወረቀት አነበብኩት፣ የማውቀው ሰው ስም አለበት። እንዳይገኝብኝ ብዬ አቃጠልኩት።» ወደ አገሬ ዞረ። «የእትዬ አገሬ ፍርድ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። አገሬ የሰሙ አልመሰሉም፤ ሰው ሊናገር ሲል ከንፈሩን እንደሚያዩት ሆነው ያዩት ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ፣ የተቃጠለ ወረቀት ምን ይል እንደነበር በምን ይታወቃል አለ።

«በቃሌ አለ» አለ ሙዘይን።

ዓይኑን ጨፈነ። መወዛወዝ ጀመረ፤ በሃምሳ ዓመቱ፣ በችሎት መሀል፣ እንደ ቁርዓን ቤት ልጅ። «መዝገብ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት። ኅዳር ዘጠኝ ቀን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት። ከሳሽ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ። ተከሳሽ ወይዘሮ አገሬ። በዚህ ቀን በተሰየመው ችሎት የሚከተለው ፍርድ ተሰጥቷል…» እያለ ወረደ። የምስክሮቹን ስም ከነአባታቸው፣ የዳኞቹን ስም፣ ከግርጌ በእጅ የተጨመረችውን ቀን ሳይቀር አለ። አንዲት ቃል አልሳተም። «…ከሳሽ በቤቱ ላይ አንዳች መብት የለውም ብለናል። ይህ ፍርድ በእግዚአብሔር ፊት በእውነት ተሰጠ።» ያን ጊዜ፣ ያን የቀዳደደውን ሁሉ ወረቀት አሰበ። በዓረብኛው ብቻ ያለ መስሎት የነበረው የፈጣሪ ስም በአማርኛውም ነበረ።

«ድገመው» አሉ ዳኛው፣ «ቀስ ብለህ፤ ጸሐፊው ይጻፍ።»

የመጀመሪያውን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የተወጣው። ሁለተኛውን ግን ጸሐፊው በጻፈ ቁጥር እየቆመ፣ ሰውን እያየ፣ ቃል በቃል ማለት ነበረበት። በየመሀሉ በነጠላ የታፈነ ልቅሶ ይሰማ ነበር፤ አገሬ ገብቷቸው እያለቀሱ ነው። ኑርሁሴን ተነስቶ ወጣ። ኑርሀያት ብቻ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

የመዝገብ ቤቱ ዋና የቁጥር ደብተር ትሁን እጅ አልገባም ነበር። ደብተሩ ቀረበ፤ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ የተከራካሪዎቹም ስም ሙዘይን እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ፣ ሐሰን የሚባለው ሽማግሌ፣ በሕይወት ነበርና ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ። ሸንጎው የሰጠው ትእዛዝ ታገደ፤ በኋላም ተሻረ። አገሬ ከቤታቸው አልወጡም።

በሙዘይንም ላይ ተፈረደበት። በመግዛቱ ጥፋተኛ አይደለም፣ አያውቅም ነበርና ተባለ። ካወቀ በኋላ ግን በመሸሸጉና የመንግሥት ሰነድ በማጥፋቱ ስምንት ወር እስራት። ፍርዱን ሲሰሙ መሪጌታ ገብረ ኪዳን አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «ባላስተማርኩት ኖሮ» ብለው አጉተመተሙ። ትክክል አልተናገሩም። ፊደሉ ምን አደረገ? ፈሪው ሙዘይን ነው።

ወህኒ ቤት ኑርሀያት በየቀኑ ስንቅ ታመላልሳለች። ጠያቂም አልጠፋ። «እውነት በመናገርህ ስምህ ከበረ» የሚለው ሰው ብዙ ነበር። ሙዘይን ይህን ሲሰማ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ስለ ሦስቱ ቀን አያውቁማ። ፍራሹ ሥር ተኝቶበት ስለነበረው ወረቀት፣ ስለዚያች «አብሽሪ» የሚጠይቀው የለም። ሰው የሚያመሰግነው የመጨረሻዋን ቀን አይቶ ነው፤ እሱ የሚኖረው ግን ከዚያ በፊት ካሉት ቀኖች ጋር ነው።

አገሬ አልመጡም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር አልመጡም። ሙዘይንም እንዲመጡ አልፈለገም፤ ኑርሀያትን ደኅና ናቸው ወይ ብሎ እንኳ መጠየቅ አልደፈረም።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዘበኛው ስሙን ጠራው። አገሬ ከአጥሩ ማዶ በሳህን ምግብ ይዘው ቆመዋል። ሙዘይን እየተጎተተ ሄደ።

«ሽሮ ነው» አሉ አገሬ። «ኑርሀያት ቤት፣ በእሷ ድስት ነው የሠራሁት። መብላት ትችላለህ።»

«እትዬ አገሬ፣ አውፍ፣ ይቅር…» ብሎ ጀመረ።

«ተው» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ምግቡን ለጎረቤቴ ነው ያመጣሁት። ጎረቤት ታስሮ ዝም አይባልም፤ እኔም በዚያ ቤት ነው የምኖር። ለአንተ የምለው ነገር ግን ገና አልመጣልኝም። ሲመጣልኝ እነግርሃለሁ።»

ሳህኑን በአጥሩ ክፍተት አሳልፈው ሰጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ መንገዱ ወጡ። ሙዘይን እስረኞቹ ከሚቀመጡበት ግንብ ሥር ሄዶ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀመጠ። «ቢስሚላህ» አለና በላ። አንድም እንጀራ ሳያስተርፍ፣ ሳይቸኩል፣ እየዋጠ በላ፤ ለማንም አላካፈለም። ባዶውን ሳህን አጥቦ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዘጋጀው።